ባትሪው ጓዳ ሳይገባ

ውጫሌ ላይ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ ተለውጧል። ድሮ የሰፈር ልጆች ከየግቢው በአንድ አፍ «ሄደ!» ይሉ ነበር። ሲመለስ ደግሞ «መጣ!» የሚለው ጩኸት ከአስፋልቱ ዳር ተነስቶ ዳገቱን ይወጣል፤ ዓይናቸው የደከመ አዛውንቶች አምፖሉን ሳያዩ ከልጆቹ አፍ ሰምተው «ተመስገን» ይላሉ። ዛሬ ቀድሞ የሚሰማው ከየቤቱ የሚወጣው የመጠባበቂያ ባትሪው፣ የዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥታ ነው። ልጆቹም አይጮሁም። ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ዋይፋዩ መኖሩን ያያሉ፤ ካለ ጨለማው አያሳስባቸውም።

ይህን የምለው ልጆቹን ለመውቀስ አይደለም። ከሩቅ ዘመድ መቆራረጥ ምን እንደሆነ ወሎ ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋልና፣ ዋይፋዩን በባትሪ ለማቆየት ሲደክም የማየውን ወጣት ሁሉ አከብረዋለሁ። ግን ያ ባትሪ ከየት ተነስቶ ወደየጓዳችን እንደገባ ሳስብ የሚቆረቁረኝ ነገር አለ።

በልጅነቴ የከተማችን ስልክ ቤት አንድ ክፍል ነበር። የእንጨት ባንኮኒ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ የተዘረጋ አግዳሚ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ደግሞ ጥቁር ስልክ ከነመዘውሩ። ስልከኛዋ መዘውሩን ታዞርና «ሃሎ ደሴ! ደሴ! ትሰሚኛለሽ ደሴ?» ስትል ድምጿ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ይሰማል። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ሊያነጋግርህ ከፈለገ ድንገት አይደውልም፤ አስቀድሞ ጥሪ ያስይዛል። ከዚያ የስልክ ቤቱ መልእክተኛ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ቤት ድረስ ይመጣል፤ ነገ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ስልክ ቤት ትፈለጋላችሁ ይላል። ወረቀቱ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ቤቱ እንቅልፍ አይኖረውም። በነጋታው እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጎረቤቶቿን አስከትላ ትሄዳለች። ብቻውን ስልክ ቤት የሚሄድ ሰው አልነበረም፤ መርዶ ሊሆን ይችላልና የሚደግፍ ያስፈልጋል።

ንግግሩም የግል አልነበረም። መስመሩ ሩቅ ስለሆነ መጮህ ግድ ነው። አግዳሚው ላይ ተራውን የሚጠብቅ ሁሉ የማን ልጅ እንዳገባች፣ የማን ደመወዝ እንደዘገየ፣ የማን እናት እንደታመሙ አውቆ ይወጣል። ሲወጣም የሰማውን ይዞ አይቀመጥም፤ የታመመ ካለ ማታውኑ ይጠይቃል፣ የተቸገረ ካለ ያዋጣል። አንድ ስልክ ለአንድ ቤት የሚያመጣው ወሬ የከተማው ወሬ ነበር።

አንድ ክረምት ዝናብና ነፋስ የመብራት ምሰሶ ጥሎ ከተማው በጨለማ ሰነበተ። ስልክ ቤቱ ግን ፋኖስ ሰቅሎ ይሠራል። ከእናቴ ጋር ሄጄ ተራ ስንጠብቅ ይህ ነገር ገረመኝና ስልከኛዋን «መብራት ሳይኖር ስልኩ በምን ይሠራል?» አልኳት። ተነስታ ከባንኮኒው ሥር ያለችውን የእንጨት ሣጥን ከፈተችልኝ። ውስጧ ሁለት ወፋፍራም የባትሪ ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። ራሳቸው ላይ የናስ ብሎን አላቸው፤ አንዱ ከሌላው በአጭር ሽቦ ተያይዟል፣ ከሁለቱም ዳር ቀጭን ሽቦ ወጥቶ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ቤታችን ሬዲዮ ውስጥ የማውቃቸው ድንጋዮች ዘመድ ናቸው፤ ክንዴን ግን ያህላሉ። እያንዳንዱ አንድ ተኩል ቮልት ነው፣ ሁለቱ ተቀጣጥለው ሦስት። «ድምፅህን ደሴ የሚያደርስልህ ይሄ ነው» አለችኝ። መዘውሩ ደግሞ እዚያ ማዶ ያለውን ደወል የሚያስጮኸውን ኤሌክትሪክ በእጅ ያመነጫል። ስልኩ ከመብራት ኃይል ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም።

ድንጋዮቹ ሲደክሙ አዲስ ይመጣል። እኛ ቤት የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፣ ጥርሳችን እስኪያመን እንነክሰዋለን፣ ለዜና ሰዓት ብቻ እንቆጥበዋለን። ስልክ ቤት ውስጥ እንዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም። ያ ሣጥን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት ነው፤ ማንም ደዋይ ከቤቱ ድንጋይ ይዞ እንዲመጣ አይጠየቅም።

በኋላ እንደ ደሴ ባሉ ትልልቅ ከተሞች የነበረው አውቶማቲክ ስልክ ይህንኑ አሳብ በሰፊው የያዘ ነበር። ማዕከሉ ውስጥ የአሲድ ባትሪዎች በረድፍ ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ 2 ቮልት፣ 24ቱ ሲቀጣጠሉ 48 ቮልት። ኃይሉ ድምፅ በሚመላለስበት በዚያው የመዳብ ሽቦ ቤት ድረስ ይመጣል። የቤት ስልክ ሶኬት ያልነበረው ለዚህ ነው። መብራት ሲሄድ ባትሪዎቹ ይሸከማሉ፣ ሲረዝም ጄነሬተር ይነሳል። የአሲዱን ጥንካሬ የሚለካ፣ የተጣራ ውሃ የሚጨምር፣ ዝገቱን ከብሎኑ ላይ የሚጠርግ ሠራተኛ አለ፤ ደመወዙም የሚከፈለው ለዚህ ነው። ይህ በአገራችን ብቻ ሳይሆን በዓለም ዙሪያ የስልክ ሥራ ደንብ ነበር። ደንበኛው የወር ሂሳቡን ከከፈለ ሌላ ነገር አይጠበቅበትም።

ያን ዘመን ግን እንዲመለስ አልመኝም። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ እንኳ የብዙው ሰው ዕድሜ ስልክ ሳይነካ አልፏል። ከአምባሰል ገጠር አንድ ሰው ልጁን በድምፅ ለማግኘት ግማሽ ቀን በእግሩ ይጓዝ ነበር፤ ደርሶም «መስመር የለም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ስልክ ቤቱ ለደረሰው ሰው አስተማማኝ ነበር፣ የደረሰው ግን ጥቂት ነው።

ለዚህም ነው ካሴት የነበረን። አሰብ ወደብ ለሥራ የወረደው፣ በኋላም ዓረብ አገር የተሻገረው ሰው ድምፁን ቀድቶ በመንገደኛ ይልካል። ቴፑ በድንጋይ ይሠራል፤ አዲስ ድንጋይ የሚገዛውም ካሴት ሲመጣ ነው። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ካሴቱ ብዙ ጊዜ ዘፈን የነበረበት ስለሆነ፣ መልእክቱ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ የቀረው ዘፈን ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ አምባሰል ነው፤ ስሙን ከዚሁ ከእኛ ተራራ የወሰደው ቅኝት። ከዚያ የልጁ ድምፅ ይመጣል፤ «ይድረስ ለውድ እናቴ» ብሎ ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ይጀምራል። መልሱ ሲቀዳ ደግሞ ሁሉም ተራ ይገባል። ሽማግሌው ይመርቃሉ፣ ልጆች ስማቸውን ይናገራሉ፣ የባሏን ድምፅ የሰማችው ሚስት ቃል አጥታ ትቀመጣለች፤ የእሷ ዝምታም ይቀዳል። ካሴቱ ደርሶ መልሱ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ። መብራት ሄደ አልሄደ ግን ለካሴቱ ለውጥ የለውም።

አሁን ታናሽ እህቴ ጅዳ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። ጅዳና ውጫሌ የሚቆጥሩት አንድ ሰዓት ነው፣ በመካከላቸው የደቂቃ ልዩነት የለም። ችግሩ የእሷ ሰዓት የእሷ አለመሆኑ ነው። ቤተሰቡ እራቱን በልቶ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ዕቃው ታጥቦ ሲያልቅ ነው ስልኳን የምታነሳው። ያ ሰዓት እኩለ ሌሊት ሊሆን ምንም አይቀረውም። እናቴ እስከዚያ አትተኛም። መቁጠሪያዋን ይዛ ትጠብቃለች። ኢሞ ሲጮህ «አቤት የኔ ዓለም» ትላለች፣ ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚያወሩት ስለ ምንም ነው፦ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ላሟ። ያ ስለ ምንም የሚመስለው ወሬ ነው እህቴን ሌላ ቀን እንድትውል የሚያስችላት።

በስልኩ ዳታ ለምን አታወሩም የሚል ይኖራል። ቤቱ ውስጥ ሲግናሉ ቀጭን ነው፤ ምስሉ ይደርቃል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። ሲም የሚገባበት የዋይፋይ ሣጥን ገዝተን መስኮቱ ላይ ስናስቀምጠው የሞባይል ማማውን ፊት ለፊት ስለሚያይ ጥሩ ይይዛል። ግን ሣጥኑ ሶኬት ይፈልጋል። መብራት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከሄደ የእህቴ ሰዓት ሲደርስ ሣጥኑ ጠፍቷል። እናቴ መብራት መሄዱን ታውቃለች፤ እህቴ ግን አታውቅም። ጥሪዋ ካልተነሳ እናቷ ታማ ይሆን፣ ሌላ ነገር ደርሶ ይሆን እያለች ታድራለች። ሥራዋ ግን ጎህ ሲቀድ ይጀምራል።

የታላቅ እህቴ ልጅ ይህን አይቶ መጀመሪያ ያመጣው ከደሴ በሁለተኛ እጅ የተገዛ የቢሮ ዩፒኤስ ነበር። ከባድ ነው፣ ይጮሃል፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይጠፋል። ልጁ መሣሪያውን ሳይሆን አሠራሩን ጠረጠረ፣ ልክም ነበር። ዩፒኤስ የተሠራው ኮምፒውተር ላይ ያለ ሰው ሥራውን አስቀምጦ እንዲያጠፋ ጥቂት ደቂቃ ለመስጠት ነው። ከባትሪው የሚወጣውን 12 ቮልት ወደ 220 ያሳድገዋል፤ የሣጥኑ ቻርጀር ደግሞ 220ውን ተቀብሎ መልሶ 12 ያደርገዋል። ወጥቶ ለመውረድ በሚደረገው በዚህ ጉዞ ኃይሉ ሙቀት እየሆነ ይባክናል፤ ዩፒኤሱም ራሱ ይበላል። ባትሪው 12፣ ሣጥኑ 12። ለምን በቀጥታ አይገናኙም?

አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሠራው፤ እኔም አጠገቡ ነበርኩ። መጀመሪያ የቻርጀሩን ጀርባ አገላብጦ አነበበ፤ 12 ቮልት፣ 1 አምፒር ይላል። የሽቦውን ጫፍ በቴስተር ለካ፤ መሃሉ ፖዘቲቭ፣ ዙሪያው ኔጌቲቭ መሆኑን ሳያረጋግጥ አልቀጠለም፤ ከተገለበጠ ሣጥኑ በአፍታ ይቃጠላል። ከዚያ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት የሆነውን ድፍን ባትሪ አወጣ፤ የማንቂያ ደወልና ትንንሽ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው። ቀዩን ሽቦ ሲያስር መሃሉ ላይ ፊውዝ አስገባ። «ጋሼ፣ ሽቦው ቢነካካ የሚቃጠለው ፊውዙ ይሁን፣ ቤቱ አይሁን» አለኝ። ባትሪ ቻርጅ ላይ ሳለ ወደ 13.8 ቮልት ስለሚወጣ በባትሪውና በሣጥኑ መካከል ቮልቴጁን 12 ላይ የምታስቆም ትንሽ ሰሌዳ ጨመረ። ሒሳቡንም በእስክሪብቶ ካርቶን ላይ ጻፈልኝ። 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ስለሚያጥር 42ቱን ብቻ እንቁጠር። ሣጥኑ የሚበላው በአማካይ 8 ዋት ነው። አምስት ሰዓት ይወጣል።

አምስት ሰዓት ለእናቴ ሌሊቱን ሙሉ እንደማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጁ በሰፈሩ ለብዙ ቤት ይህንኑ ሠርቷል፤ የሚያስተምረውም ነገር አለው። ሱቅ ውስጥ ለራውተር ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ የሊቲየም ዩፒኤሶች ጥሩ ናቸው፣ ቀላልና ንጹሕ ናቸው፤ ካርቶናቸው ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን ገዢውን ያሳስታል። 10,400 ሚሊ አምፒር-ሰዓት ሲል የሚቆጥረው ውስጡ ባሉት ባትሪዎች 3.7 ቮልት ነው። ሲሰላ 38 ተኩል ዋት-ሰዓት ገደማ ይሆናል፤ 12 ቮልት ላይ ሲደርስ ከ3 አምፒር-ሰዓት ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ገዢ የሚጠይቀው ስንት ሚሊ አምፒር-ሰዓት ነው ብሎ ሳይሆን ስንት ዋት-ሰዓት ነው ብሎ ይሁን። የመኪና ባትሪ ቤት ውስጥ ለዚህ ሥራ አይሁን፤ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ባንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ለመስጠት እንጂ ቀስ በቀስ ተሟጦ እንዲሞላ አይደለም። የተሟጠጠ የአሲድ ባትሪ ሳይሞላ ከሰነበተ ውስጡ ይደነድናል፤ አይመለስም። ቆርቆሮ ሥር ወይም ምድጃ አጠገብ ማስቀመጥም ዕድሜውን ይቆርጣል። መብራት ሲመጣም ወዲያው አይሰካም፤ ኃይሉ እስኪረጋ ትንሽ መጠበቅ ነው። ስንት ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በዚያች ቅጽበት እንደተቃጠለ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል።

ግን አንድ ምሽት መብራት ከተማውን ሁሉ ለቆ ሄደ፤ የእኛ ሣጥን አረንጓዴ መብራቱን እንዳበራ ነው፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ልጁን ጠራነው። ሣጥኑን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ከዚያ «ጋሼ፣ የእኛ በርቷል። የጠፋው ማማው ነው» አለ።

ማማውም ባትሪ አለው። የአብዛኛው የሞባይል ጣቢያ ባትሪ ለጥቂት ሰዓት ይሸከማል፤ ከዚያ ጄነሬተር መነሳት አለበት፣ ለጄነሬተር ነዳጅ መድረስ አለበት፣ ለነዳጁ መንገድ መከፈት አለበት። በየከተማው እየተዘረጋ ያለው ፋይበር በዚህ በኩል ይሻላል፤ ብርሃኑ በመስተዋቱ ክር ውስጥ ሲጓዝ ከማዕከሉ እስከ ቤት ድረስ መሃል ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ነገር ላይኖር ይችላል። ቢሆንም ጫፍና ጫፉ ኃይል ይፈልጋል። የማዕከሉ ጫፍ የድርጅቱ ነው። የቤቱ ጫፍ ግን የእኛ ሆኗል፤ የእኛ ሲሆን ማንም አላማከረንም፣ ቀኑንም ማንም አያስታውሰውም። መዳቡ ቀርቶ ሣጥኑ ሲገባ የ48 ቮልቱ ኃላፊነት አብሮ ተሻገረ። ድሮ ስልክ ቤቱ የተሸከመውን አሁን እናቴ ጓዳ ውስጥ፣ ከእህል ጎታው አጠገብ አስቀምጣዋለች።

መልእክት በማን በኩል ያልፋል የሚለው ጥያቄ ለውጫሌ አዲስ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እዚሁ አቅራቢያ ይስማ ንጉሥ ላይ ምኒልክና የኢጣሊያው ኮንት አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል 17ኛው አንቀጽ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር የምትላላክበትን መንገድ የሚመለከት ነበር። ኢጣሊያ የግድ በእኔ በኩል ይለፍ አለች፤ ምኒልክ አልተቀበሉም፣ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፣ የመጨረሻው ፍርድም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ተሰጠ። የአንድ እናትና የአንዲት ልጅ የሌሊት ወሬ ከዚያ ጋር አይተካከልም። ሆኖም ባለመልእክቱ ባልያዘው እጅ ላይ የተንጠለጠለ መልእክት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ የዚህ አገር ሰው ከታሪክ ትምህርት በፊት በኑሮው ያውቀዋል።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ የሰሜኑ ጦርነት ውጫሌን አልፎ ወደ ሐይቅና ደሴ ሲሄድ መብራቱም ስልኩም አብሮ ጠፋ። በዚያ ጊዜ የትኛውም ባትሪ ለማንም አልጠቀመም። ጅዳም ሆነ አዲስ አበባ ያለው ሰው የወገኑን መኖር የሚሰማው በእግር ካመለጠ ሰው አፍ ነበር፤ ወደ ካሴቱ ዘመንም ሳይሆን ከካሴት በፊት ወደነበረው ተመለስን። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። መብራት በነበረበት ቀን እንኳ ሣጥኑ በርቶ ባዶ ነበር። እናቴ ሣጥኑን ከሶኬት እንድንነቅለው አልፈቀደችም። «ድንገት ቢመጣስ?» ትል ነበር።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ሲመረቅ ውጫሌ ውስጥም ደስታው ትልቅ ነበር፤ የእኔም። 5,150 ሜጋ ዋት ቀልድ አይደለም፣ ድሃው ሳይቀር ከእጁ አዋጥቶበታል። ግን የእኛ ሰፈር መብራት የሚጠፋው ኃይል አንሶ ብቻ አይደለም። የእንጨት ምሰሶው ይወድቃል፣ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይተኛል፤ ጠጋኝ እስኪደርስ ጊዜ ይሄዳል። ግድቡ ካለበት ከጉባ እስከ እናቴ አምፖል ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ የሚደክመውም መጨረሻው ላይ፣ እኛ ሰፈር ሲደርስ ነው። ስለዚህ ባትሪው ገና ለብዙ ዓመት ያስፈልገናል፤ ማን ይግዛው የሚለውም አብሮ ይኖራል።

ይህን ጥያቄ ሌሎችም ጠይቀውታል። አሜሪካ ውስጥ የመገናኛ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ፣ ከመስመሩ ኃይል የማያገኝ የቤት ስልክ የሚያቀርብ ድርጅት ለደንበኛው መጀመሪያ የ8 ሰዓት፣ ቆይቶም የ24 ሰዓት መጠባበቂያ ኃይል በአማራጭ እንዲያቀርብ አዘዘ፤ ዋጋውን ግን የሚከፍለው ደንበኛው ነበር። እንግሊዝ አገር የመዳብ ስልኩ ሲነሳ፣ ከቤት ስልክ ሌላ መገናኛ የሌላቸው ሰዎች መብራት ቢሄድ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የድንገተኛ ጥሪ ማድረግ እንዲችሉ ድርጅቶቹ መፍትሔ ያቅርቡ ተባለ። የእንግሊዙ አሳብ ለእኔ ልክ ይመስለኛል፤ ሰዓቱ አነሰ እንጂ። እኛ አገር መብራት ሲሄድ በአንድ ሰዓት አይመለስም። የቤት ኢንተርኔት የሚሸጥ ሁሉ ሣጥኑን ከነባትሪው ቢያመጣ፣ ቢያንስ ባትሪ የሚሰካበት ቦታ ቢተውለት፣ ያረጀውንም መልሶ ቢወስድ ደስ ይለኛል። ያረጀ የአሲድ ባትሪ እርሳስ ነው፤ አሁን የሚጣለው ልጆች በሚጫወቱበት ጉድጓድ ነው።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ፤ እሱን እኛው ነን የለወጥነው። መብራት ሲሄድ የሰፈሩ ወጣት ባትሪ ወዳለው ቤት አጥር ይጠጋል፤ ዋይፋዩ እዚያ ነውና። በር ግን አያንኳኳም። ፓስወርዱን ያወቀ ይጠቀማል፣ ያላወቀ ይመለሳል፤ ባለቤቱም ሰው ሲበዛ ፓስወርዱን ይቀይራል። ጎረቤታችን ያሉ አንዲት እማማ ልጃቸው ኩዌት ናት፤ ባትሪ የላቸውም። ጥሪዋ በደረሰ ቁጥር እኛ ቤት ይመጡ የነበሩት ሴትዮ አሁን መጠየቅ አፈሩ። ድሮ ስልክ ቤቱ መልእክተኛ ልኮ በስማቸው ይጠራቸው ነበር፤ ለእሳቸው የመጣ ጥሪ የእሳቸው እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ዛሬ የልጃቸው ድምፅ የእኛ ቤት ግድግዳ ላይ ደርሶ ይቆማል። ማፈራቸውን ያወቅን ዕለት እናቴ ራሷ ሄዳ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው፤ የታላቅ እህቴ ልጅም ፓስወርዱን ስልካቸው ላይ አስገባላቸው።

ባለፈው ሰሞን ባትሪያችን አረጀ። አምስት ሰዓት ይዞ የነበረው አንድ ሰዓት አልሞላ አለ። በየቀኑ እየተሟጠጠ እየተሞላ ሁለት ሦስት ዓመት ካገለገለ የአሲድ ባትሪ ከዚህ በላይ አይጠየቅም። ለእህቴ አትንገሯት ተባብለን እኔ ልገዛ ስዘጋጅ እሷ ቀደመችኝ። ጥሪው መሃል ላይ እየተደጋገመ ሲቋረጥባት «እማዬ፣ ባትሪው ነው አይደል?» አለች። እናቴ ልትሸሽግ ብትሞክርም አልቻለችም። ደመወዟ ሲገባ የአዲሱን ባትሪ ዋጋ ከቤት ወጪው ጋር አብራ ላከች። በስልክ ቤቱ ዘመን ቢሆን እህቴ የምትከፍለው የተናገረችበትን ደቂቃ ብቻ ነበር።